በጎ ጠባይና ጥሪ

ሃይማኖትን ለሌላው ማካፈል የሰባክያን ብቻ ሥራ የሚመስላቸው ምእመናን ብዙዎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ ስንመረምር ግን የምናገኘው ሌላ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስና ወንድሙ ኤዴስዮስ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ መዝገብ ጠባቂ ሆኑ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ እንዲያግዟት የለመነቻቸው ታማኝነታቸውን አይታ ነው። ፍሬምናጦስም በዚያ ሥልጣኑ ክርስቲያን ነጋድያንን እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያዘጋጁ መከራቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሰጣቸው። ኋላም ወደ እስክንድርያ ወርዶ ጳጳስ እንዲላክ ቢለምን፣ ቅዱስ አትናቴዎስ እርሱኑ ሾሞ መለሰው። ሕዝቡም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራው። ንጉሥ ኢዛና ካመነ በኋላ በገንዘቡ ላይ በጨረቃው ምልክት ፋንታ መስቀል ተቀረጸ። እንግዲህ ታማኝነት ቀደመ፤ ሰውን ፈልጎ መሰብሰብ ተከተለ፤ የሹመት ስብከት ከሁለቱ በኋላ መጣ።

ይህ ሥርዓት ዛሬም አልተሻረም። ከየአገሩ የመጣ ሰው በየካ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ጧትና ማታ በመገናኛ ከሕዝቡ ጋር ይጋፋል። በትውልድ አጥቢያው የንስሐ አባቱ በስሙ ያውቁት ነበር፤ እዚህ ግን የየካ ሚካኤልን ደጅ ተሳልሞ ያልፋል እንጂ ስሙን የሚጠራው የለም።

በ1830 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው፣ በተለምዶ ሞርሞን የሚባለው ማኅበር ምእመኑ ሁሉ በጠባዩ እንዲመሰክርና ጎረቤቱን እንዲጋብዝ ያስተምራል። ምሥጢረ ሥላሴን እኛ እንደምናምነው ስለማይቀበሉ ልዩነታችን ታላቅ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ወደ ሌላ ቤተ እምነት ሲሄዱ ከመውቀሳችን በፊት፣ «እኛስ ጠርተናቸው ነበርን?» ብለን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።

ጥሪው ያለ ምግባር ከንቱ ነው። ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ነጠላውን አጣፍቶ ቢጋብዝ ማን ይሰማዋል? ምግባርም ያለ ጥሪ እንግዳውን በደጅ ያስቀረዋል። ስለዚህ ጎረቤቱ ሲታመም የጠየቀ ምእመን፣ «እሑድ አብረን እናስቀድስ» ይበለው፤ በሰንበቴውና በጽዋው ማኅበር ከአጠገቡ ያስቀምጠው። ካህናትም አዲስ ፊት ባዩ ጊዜ ስሙንና የንስሐ አባት ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ጥሪው ግን በስጦታ መደለያ ወይም በማስጨነቅ አይሁን፤ የተጠራው ባይመጣም ሰላምታችን አይቀዝቅዝ።

ናትናኤል ስለ ናዝሬት በተጠራጠረ ጊዜ ፊልጶስ መጥቶ እንዲያይ ጠራው እንጂ አልተከራከረውም። እኛም እንዲሁ ጎረቤታችንን እንጥራ፤ መጥቶም የሚያየው መልካም ነገር በእኛ ዘንድ ይገኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።