ዋናው ተዘግቶ ቅጂው የሚሸጥበት ገበያ

ገቢ የሚያስገኝ ሀብት በራሱ ገበያ ብዛት ሊያልቅ ይችላል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ በሚባለው ኮረብታማ ገጠር የሚገኘው የላስኮ ዋሻ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1940 ያገኙት አራት ወጣቶች ናቸው። 17 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዱር በሬና የፈረስ ሥዕሎች ስላሉበት በ1948 ለሕዝብ ሲከፈት ጎብኚ ጎረፈ። ይሁን እንጂ የሰዉ ትንፋሽ፣ ሙቀትና እርጥበት ሥዕሎቹን ይጎዳ ጀመር፤ ግድግዳውም አረንጓዴ አልጌ አበቀለ። በመሆኑም መንግሥት ዋሻውን በ1963 ዘጋው።

መፍትሔው ቅጂ መሥራት ነበር። የመጀመሪያው ከዋሻው 200 ሜትር ያህል ርቆ በ1983 ተከፈተ። ከኮረብታው ግርጌ በሞንቲኛክ የተሠራው ሰፊው ቅጂ ደግሞ በ2016 ሥራ ጀመረ።

ለቅጂው የመጣ እንግዳ በዚያው አይመለስም። በቬዜር ወንዝ ላይ ለመቅዘፍ ታንኳ ይከራያል፤ በኮረብታዎቹ መካከል በእግሩ ይንሸራሸራል፤ በዶርዶኝ ወንዝ ዳር ገደል ላይ የቆመውን የቤናክ ግንብ ይጎበኛል፤ በገጠር ማረፊያ ያድራል። በአንድ መስህብ ብዙ ሰው እንጀራ ይበላል ማለት ነው።

በቱሪዝም መስክ ገንዘቡን ለሚያውል ሰው ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መስህቡ ዋና ገንዘብ እንጂ ትርፍ ስላልሆነ አይበላም፤ የሚሸጠው በዙሪያው ያለው አገልግሎት ነው። ሁለተኛ፣ ምትክ በጊዜ ይታሰባል። ላስኮ ከተዘጋ በኋላ የመጀመሪያው ቅጂ እስኪከፈት 20 ዓመት አልፏል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።