ስለ አሮጌ ትንሽ ግድብና ስለ ኩሬው አያያዝ

ቀደም ሲል ለከብት መጠጫ፥ ለመስኖ ወይም ለከተማ ውሃ የተሠራ ትንሽ ግድብ ዘመን ሲቆጠርለት ኩሬው የዓሣና የአዕዋፍ መኖሪያ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሀብት ሁሉ በአንድ የአፈር ግድብ የተጠበቀ ስለ ሆነ፥ ግድቡ በክረምት ቢናድ ከዓሣው ጋራ በታች ያለው እርሻ፥ ቤትና ሰው ይጠፋል። ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንትና የመሬቱ ባለይዞታዎች የሚከተለውን ሊያስተውሉ ይገባል።

1ኛ፤ ስለ ግድቡ። በግድቡ ላይ ሣር እንጂ ዛፍ አይብቀል፤ ዛፍ ሲደርቅ ሥሩ በስብሶ ለውሃ መንገድ ይከፍታልና። የጃርት ጉድጓድም በጊዜው ይደፈን። ከግርጌው የሚመነጨው ውሃ ጥርት ያለ ቢሆን ዘወትር መመልከት ነው፤ ደፍርሶ ቢታይ ግን አፈሩ ከውስጥ እየተሸረሸረ ነውና ከታች ያሉትን ሰዎች ማራቅና መሐንዲስ መጥራት ያስፈልጋል። ትርፍ ውሃ ማስወጫው ክረምት ሳይገባ ይጠረግ። ዓሣ እንዳያመልጥ ብሎ በአጥር መዝጋት አይገባም፤ ጎርፍ ያመጣው ግንድና ገለባ አጥሩን ሲደፍነው ውሃው በግድቡ አናት ይፈስሳልና።

2ኛ፤ ስለ ደለል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ለሚገኘው ለገፈርሳ ግድብ ከበላዩ ደለል የሚይዝ ሌላ ግድብ መሥራት ግድ ሆኗል። በአቃቂ ወንዝ ላይ መብራት ለማመንጨት የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ኩሬም በደለልና በእምቦጭ ተጎድቷል። ስለዚህ ከኩሬው በላይ ባለው ተዳፋት እርከን መሥራትና ሣር መትከል ደለልን በኋላ ከመዛቅ ይቀላል።

3ኛ፤ ስለ ዓሣ። ቆሮሶ በሙቅ ውሃ ፈጥኖ ይራባል፤ በብርዳም ደጋ ግን እድገቱ ይዘገያል። ሳይጠመድ ከቀረ በዝቶ ምግብ ያጥረውና ሁሉም ትናንሽ ሆኖ ይቀራል፤ አምባዛ ግልገሎቹን ስለሚበላ ብዛቱን ይቀንሰዋል። በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማደንዘዝ ትልቁንም ትንሹንም ስለሚፈጅ ሊከለከል ይገባል።

4ኛ፤ ስለ አዕዋፍ። የገፈርሳ ኩሬ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ያስጠልላል። እንዲህ ያሉ አዕዋፍ እንዲኖሩ የዳርቻው ቄጠማ ሁሉ አይታጨድ፤ ከብቱም ዳሩን ሁሉ እንዳይረግጥ መጠጫው በአንድ በኩል ይከለል።

ግድቡን ከክረምት በፊትና በኋላ እየዞሩ መመርመር ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል። ግድቡ ካልቆመ ኩሬው፥ ኩሬውም ካልቆየ ዓሣውና ወፉ አይኖሩም።