አሮጌ የጀርመን ብስክሌት ሲገዙ ስሙን ብቻ አይመኑ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ የጀርመን ብስክሌት በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ፈላጊ አያጣም። ኦፔል፣ አድለር፣ ቫንደረር ወይም ዲያማንት የሚል ስም ዋጋ ያስጨምራል። ይሁን እንጂ ከመሪው በታች የሚታየው የፋብሪካ ምልክት ከአንዱ ተነቅሎ በሌላው ላይ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ገዢ ሦስት ነገሮችን ማየት ይገባዋል።

አንደኛ፣ የኋላ ጎማው ሞዞ፦ የሽቫይንፉርቱ ፊሽተልና ዛክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1903 የፈለሰፈው «ቶርፔዶ» ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ፍሬን ይይዛል። በብዙዎቹ ላይ የተሠሩበት ዓመት በሁለት አሃዝ ተመትቷል፤ 37 ካለ የ1937 ሥሪት ነው። ነገር ግን ጎማ ስለሚቀየር ቁጥሩ የሚናገረው የሞዞውን ዕድሜ እንጂ የብስክሌቱን አይደለም።

ሁለተኛ፣ የአገር ስም፦ ጀርመን ለሁለት መንግሥት የተከፈለችው በ1949 ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል የተጻፈበት ዕቃ ከጦርነቱ በፊት ሊሠራ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ከአካሉ የማይነጠል ክፍል፦ አድለር በ1930ዎቹ አጋማሽ ባወጣው ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት ካምቢዮው የተቀመጠው በኋላ ጎማ ሳይሆን በሁለቱ ፔዳሎች መካከል፣ ለእሱ ተብሎ በተሠራ የብረት አካል ውስጥ ነው። ይህን ማስመሰል ምልክት እንደ መለጠፍ ቀላል አይደለም። ሆኖም የውስጥ ጥርሶቹ ካለቁ ምትክ እንደ ልብ አይገኝም። ሦስቱንም ማርሽ እየነዱ ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ።