ሐዋሳ ከቤተሰብ ጋር ሲኬድ የት ይበላል?

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ልጆች ይዞ ሐይቁን ሊያይ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያሳስበው ምሳ ነው። በዳርቻው ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች ጥላም ወንበርም አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ለብዙ ቤተሰብ አይሆንም።

እኛ የምንመርጠው አሞራ ገደልን ነው። አጥማጆች ዓሣውን ጠዋት በጀልባ ያወርዳሉ፤ እዚያው ይጸዳል፣ እዚያው ይጠበሳል። አባ ኮዳ የሚባሉት አሞራዎች ፍርፋሪ ሲሻሙ ልጆች ማየት ይወዳሉ። ከትንሽ ልጅ ይረዝማሉና ራቅ ብላችሁ አሳዩ።

ዓሣው ሳይጠበስ «እስቲ አሳዩን» በሉ። ዓይኑ ጥርት፣ ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ትኩስ ነው። ዓይኑ የጎደጎደውን ተዉት። ቆሮሶ ጥብሱ ይጣፍጣል፤ አጥንቱ ግን ልጅ ያንቃል፣ ለቅማችሁ አጉርሱ። ለሽማግሌ ሾርባው ይሻላል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም ታያላችሁ። ልጅ አይቅመሰው፤ ጥሬ ዓሣ ውስጥ ትል ሊኖር ይችላል፣ የሚገድለው እሳት ነው።

እኛ አንድ ቀን፣ የቤቱ ስም ይቅርና፣ «ስንት ነው?» ሳንል በላን። ለመኪና ያስቀመጥነው ገንዘብ እዚያው አለቀ፤ በእግራችን አዘገምን። እናንተ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አንብቡ። ካልተጻፈ ጠይቁ፦ ዋጋው የአንድ ዓሣ ነው ወይስ የአንድ ሳህን? ዳቦውና ዳጣውስ አብሮ ተቆጥሯል? ሒሳቡ ሲመጣ አስተናጋጁ ቢቸኩልም ቁጭ ብላችሁ ደምሩት።