ስርየት እና ዕርቅ

በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አቶንመንት» የምትባል ጥንታዊ ቃል አለች። ከባድ የሥነ መለኮት ቃል ትመስላለች፤ ስትፈታ ግን ከተራ የሰፈር ንግግር የተሠራች ናት። ዛሬ «ዋን» የሚባለው ቁጥር ድሮ «ኦን» ነበር። ተጣልተው የነበሩ ሰዎች ሲታረቁ «አት ኦን» ሆኑ፣ ማለትም አንድ ሆኑ ይባል ነበር። በዚህ ላይ ከፈረንሳይኛ የመጣው «መንት» ሲቀጠል አንድ መሆን፣ ዕርቅ የሚል ስም ወጣ።

እንግሊዛዊው ተርጓሚ ዊልያም ቲንደል በ1526 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አዲስ ኪዳን፣ ሮሜ 5፥11 ላይ እኛ «መታረቅ» የምንለውን በዚህች ቃል ተረጎመ። በ1530 ኦሪትን ሲያሳትም ደግሞ በዘሌዋውያን ላለው ማስተስረይ ይህችኑ ተጠቀመባት። በእኛ ቋንቋ ስርየትና ዕርቅ ሁለት ቃላት ናቸው፤ እርሱ በአንድ አሰራቸው። ልክ ነበር ወይ?

ዘሌዋውያን 16ን እንመልከት። ቤተ እስራኤል «አስተስርዮ» ብለው በጾም በሚያከብሩት በዚያ ቀን ሊቀ ካህናቱ የመሥዋዕቱን ደም ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። የሚረጨው የት ነው? በታቦቱ ላይ ባለው የስርየት መክደኛ ነው። በዘጸአት 25፥22 እግዚአብሔር ከሙሴ ጋር እንደሚገናኝ የተናገረውም እዚያው ላይ ነው። ኃጢአት የሚሰረይበትና እግዚአብሔር ከሰው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ አንድ ነው። እንግዲህ ስርየት መንገድ ነው፣ መድረሻው ዕርቅ ነው። ኃጢአቴ ተሰረየልኝ ብሎ ከአባቱ ርቆ መኖር የሚሻ ሰው ስርየት ለምን እንደተሰጠው ገና አልተረዳም።

አንድ ነገር በቀስታ እናስተውል፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። በአገራችን ሽማግሌ የሚልከው በዳይ ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምነውም እርሱ ነው። በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥18-19 ግን ዕርቁን የጀመረው የተበደለው እግዚአብሔር ነው፤ በክርስቶስ ዓለሙን ከራሱ ጋር አስታረቀ። ሮሜ 5፥10 ደግሞ ይህ የሆነው ገና ጠላቶች ሳለን እንደሆነ ይናገራል። እኛ እስክንለምን አልጠበቀም፤ ዋጋውንም በልጁ ሞት ራሱ ከፈለ።

ጌታችን በማቴዎስ 5፥23-24 መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ካሰበ፣ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዘዘውም የመሥዋዕት መድረሻው ዕርቅ ስለሆነ ነው።