በእንግሊዝኛም አፍሽን ፍቺ!

መንዝ፣ ሞላሌ ተወልደሽ አደግሽ። ቤቱ አማርኛ፣ ገበያው አማርኛ፣ ጨዋታው አማርኛ። ከዚያ 9ኛ ክፍል ገባሽ። ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነ!

ደነገጥሽ?

መደንገጥ ያለ ነው። እጅ መስጠት ግን የለም!

እስኪ እውነቱን እንነጋገር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ። እንግሊዝኛን ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምረሻል። ስምንት ዓመት ሙሉ! ታዲያ ምን ያዘሽ? ሰዋስው ሸመደድሽ፣ ባዶ ቦታ ሞላሽ፣ መልስ አከበብሽ። አልተናገርሽም።

«የከተማ ልጅ የሚችለው ቤቱ እንግሊዝኛ ስለሚሰማ ነው» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። አዲስ አበባም ቢሆን አብዛኛዋ እናት ልጇን የምትቆጣው በእንግሊዝኛ አይደለም። የመጽሐፍና የትምህርት ቤት ልዩነት እንዳለ አልክድም። ምላስሽ ግን የራስሽ ነው!

አሜሪካዊውን የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪንን ተመልከቺ። አማርኛ የለመደው ካደገ በኋላ ነው። መንዝ ድረስ መጣ፤ የሰዉን አኗኗር አጠና። በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ዓለም ስለ አያቶችሽ ከእሱ አነበበ። ቀጣዩን ለምን አንቺ አትጽፊውም? የጓሳ ሣር ምድር ድረስ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ለሚመጣው እንግዳስ ያን ሣር ጠብቀው ያቆዩት የመንዝ ሰዎች መሆናቸውን ማን ይንገረው?

ዛሬ ማታ ጀምሪ።

እናትሽ ለባና የሚሆን የበግ ጸጉር እየፈተለች ነው? አጠገቧ ቁጭ በይ። የምታይውን ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪ። «ማይ ማዘር ኢዝ ስፒኒንግ ዉል።» ጎበዝ! ቀጥይ። ጸጉሩ ከየትኛው በግ ተሸለተ? ማን ሸለተው? ቀለሙስ? ቃል ሲያጥርሽ አማርኛውን ሰንቅሪና እለፊ፤ መዝገበ ቃላቱ የትም አይሄድም። እናትሽ «ምን ትለፈልፊያለሽ?» ስትልሽ ቁጭ ብለሽ በአማርኛ አስረጃት። አማርኛሽ እንቅፋትሽ አይደለም፤ ጉልበትሽ ነው። ነገ ደግሞ የባዮሎጂ ትምህርትሽን እንዲሁ አድርጊው፦ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ለራስሽ፣ ከዚያ በአማርኛ ለእሷ። እሷን ማስረዳት ከቻልሽ ገብቶሻል። ካቃተሽም የትኛው ገጽ ላይ መመለስ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ።

ቤት ውስጥ ስማርት ስልክ አለ? የቢቢሲን «የ6 ደቂቃ እንግሊዝኛ» ዝግጅት ኔትወርክ ሲኖር አውርጂ፣ ሲጠፋ ደጋግመሽ ስሚ።

ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብለሽ ፈራሽ? ይሳቁ! የሚስቁትም አልተናገሩም።

ነገ መምህሩ ሲጠይቅ እጅሽን አውጪ። በአንድ ቃል አትመልሺ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ተሳሳትሽ? ያርምሽ። የታረመውን ጮክ ብለሽ ድገሚና ተቀመጪ።