ቤትዎን ከማስለሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ለማደስ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ለሳኝ ወይም ቀለም ቀቢ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ፀሐዩ፣ መልኩ ከሁሉም በኋላ። ግድግዳ ዕድሜ ብቻውን አይጥለውም፤ የሚጥለው ገብቶ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት እነዚህን በዓይንዎ ይዩ፣ በእጅዎም ይንኩ።

ርጥበቱ ከየት ነው የመጣው?

ከላይ ከጣሪያ ሊወርድ፣ ከታች ከመሬት ሊሳብ፣ ወይም ከውስጥ ከድስት እንፋሎትና ከሰው ትንፋሽ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ምንጩን ሳይለዩ ማስለሰን ገንዘብ መጣል ነው። ከኮርኒሱ ሥር ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ቡናማ እድፍ ካዩ ጣሪያውንና አሸንዳውን ይጠርጥሩ። እስከ ጉልበት ቁመት ወጥቶ የቆመና ነጭ ጨው የሚያወጣ ከሆነ ውሃው ከመሬት ነው።

መለየት ካቃተዎ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጠው የረጠበው ቦታ ላይ ያድርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉት። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይመልከቱት። ጠብታው በግድግዳው በኩል ካለ ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ጠብታው በክፍሉ በኩል፣ በላስቲኩ ላይ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአየር መተላለፊያ ማጣት ነው፤ የሚያስፈልግዎ ለሳኝ ሳይሆን የሚከፈት መስኮት ነው።

አሸንዳ አለዎት? ውሃውስ የት ይሄዳል?

በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ በአማካይ ወደ 250 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካለዎት በአንድ ወር ብቻ 15,000 ሊትር ያህል ውሃ ይወርዳል ማለት ነው፤ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ 15 ጊዜ ሞልቶ እንደ መድፋት ነው። ይህ ሁሉ ከግድግዳዎ ሥር የሚፈስ ከሆነ የቱንም ያህል ውድ ልስን አይችለውም። አሸንዳው መሰካቱ ብቻ አይበቃም፤ የመውረጃው ጫፍ ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ ወደ ቦይ ማድረስ አለበት። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬትም ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረግ። ቀላልና ርካሽ ሥራ ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም ቁብ አይሰጠውም።

ግድግዳው ጭቃ ነው? እንግዲያው ሲሚንቶውን ያቆዩት

ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ጭቃ ግድግዳ በክረምት ርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ያወጣል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሲሚንቶ ልስን ግን ድርቅ ያለ ነው፤ የጭቃውን እንቅስቃሴ መከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ የገባው ግን ፀሐይ ቢወጣም በሲሚንቶው ውስጥ እንደ ልቡ አይወጣም። እዚያው ሲከርም የቋሚውን እግር ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። ከውጭ የሚያይ ሰው ቤቱ ግንብ ሆነ ብሎ ያደንቃል፤ ከውስጥ ማገሩ እየሞተ ነው።

አስቀድሞ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት ከሆነ በጣትዎ አንጓ ከወለሉ አጠገብ ጀምረው ወደ ላይ እያንኳኩ ይሂዱ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ይዟል፤ ባዶ ጣሳ የመታ ያህል ከጮኸ ከጭቃው ተላቅቋል። በተላቀቀው ቦታ ትንሽ ከፍተው ረጅም ሚስማር በቋሚው እግር ላይ በእጅዎ ይግፉት። ያለ መዶሻ ዘልቆ ከገባ እንጨቱ አልቋል፤ መለሰን ትተው ቋሚ መቀየር ነው።

የሚሻለው የሰው ልጅ ሲያደርገው የኖረው ነው። ጭድ ገብቶበት ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ፣ ላዩ ላይ ኖራ። ጠንከር ያለ ሽፋን ከፈለጉ ኖራ በአሸዋ ያስለስኑ፤ ከሲሚንቶ ይልቅ ለስላሳና ርጥበት የሚያሳልፍ ነው። የግድግዳው እግር በድንጋይ ከፍ ይበል፣ ክዳኑም ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይውጣ። የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባለ በረንዳ ቤቶች ለዚህ ምስክር ናቸው፤ በረንዳው ለቡና መጠጫ ብቻ አልነበረም፣ ጭቃውን ከዝናብ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ በረንዳውን ዘግቶ ክፍል የሚጨምር ሰው አዲሱን ግድግዳ ያለ ጥላ ለዝናብ እንደሚሰጠው ይወቀው።

ነገሩ የድሃ አገር ጣጣ አይምሰልዎ። በካናዳ ቫንኩቨርና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ በርካታ የእንጨት አፓርታማዎች በዚሁ ምክንያት በስብሰዋል። ግድግዳቸው ከውጭ በልስን ታሽጎ፣ የብዙዎቹ ጣሪያ ያለ ክፈፍ ተቆርጦ ስለነበር ዝናብ ገብቶ መውጫ አጣ። ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1998 ቫንኩቨር ያለችበት አውራጃ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቭ ባሬት የመሩት ኮሚሽን መረመረው። ለጥገና የወጣው ገንዘብ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው።

ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነም ያጣሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሚጠገነው አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ሁሉ ዝናብ አይደለም

በኅዳርና በታኅሣሥ ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ከኩሽናና ከመኝታ ቤት የወጣው እንፋሎት የቆርቆሮውን ሆድ ሲነካ ውሃ ሆኖ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ጣሪያው ቀዳዳ አለው ብሎ ሚስማር ሲያስመታ ይከርማል። መፍትሔው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ከሁለት ወገን አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነው፤ አቅም ካለ ኮርኒሱ ላይ ሙቀት መከላከያ ማንጠፍ የቀኑን ሙቀትም ያስታግሳል። ቆርቆሮ ሲገዙ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አይርሱ። ያረጀ የአስቤስቶስ ክዳን ካለዎት በማሽን አያስቆርጡት፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ፎቅዎን መስታወት ሊያለብሱት ነው?

መጀመሪያ ፊቱ ወዴት እንደሆነ ይመልከቱ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት፤ በቀትር ፀሐይ ከአናት ብዙ ስለማትርቅ በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት አጭር ጥላ ይጠብቀዋል። በምሥራቅና በምዕራብ ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች። በምዕራብ በኩል ሙሉ መስታወት ያለው ቢሮ ከሰዓት በኋላ ያፍናል፣ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ነጠላ መስታወት ከድርብ መስታወት ጋር ሲነጻጸር ሙቀት በእጥፍ ገደማ ያሾልካል። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀኗ ለብ ሌሊቷ ቀዝቀዝ የሚል ከተማ ወፍራም ግድግዳና የሚከፈት መስኮት ከበቃት፣ ኤሲ የሚያስገዛ ሕንፃ መሥራት ለእኔ ትርጉም የለውም።

በአሉሚኒየም ክላዲንግ የሚያስለብሱ ከሆነ የሻጩን ናሙና ይቁረጡና መሀሉን ይዩ። በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ያለው ተራ ፕላስቲክ ከሆነ አይግዙ። በለንደን ግሬንፌል ታወር እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 የ72 ሰው ሕይወት የጠፋበት እሳት ወደ ላይ የተዛመተው በዋናነት እንዲህ ባለው ሽፋን ነው።

ከመፈረምዎ በፊት

ሥራውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያስይዙ፤ ልስን በክረምት አይደርቅም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ አንድ ወር ገደማ ሳይሞላው ቀለም አያስቀቡ። ውሉ ላይ ደግሞ ከክፍያው የተወሰነው ድርሻ አንድ ክረምት ሙሉ እስኪያልፍ በእጅዎ እንዲቆይ ያስጽፉ፤ በዚህ የማይስማማ ሠራተኛ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።